ተልባ እና የማኅበሩ ቀን

ሰኞ
ልጄ አስናቀች በደለችኝ። ትናንት የሚካኤል ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ዳቦው ሲዞር አልበላም ብዬ ብመልስ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «አባባ ሆዳቸው ደርቆ ነው፤ ሽንት ቤት ገብተው እንዲያው ይወጣሉ» አለች። ጎረቤቴ ደምሴ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። «የቀወት ማሽላ ሆድህ ውስጥ ጎተራ ሠራ እንዴ?» አለኝ። መምሬ ሳይቀሩ «ተልባ ነው መድኃኒቱ» አሉ። ተልባ የደጋ ሰው ነገር ነው። የእኛ የቀወት ቆላ የሚያበቅለው ማሾና ማሽላ ነው።
ከልጄ ጋር አልነጋገርም።

ማክሰኞ
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካልለቀቀኝ ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚልኩኝ ነገሩኝ። ብርዱን አስቤ ገና እዚያው ተንቀጠቀጥኩ። አልሄድም። ስመለስ ገበያ ገብቼ ከደብረ ሲና ከወረደች ሴት ተልባ ገዛሁ። «ቆልተው ይውቀጡት፣ አባቴ» አለችኝ። ሙቀጫው ያለው እዚሁ ግቢ፣ አስናቀች ቤት ነው። እሷን ሙቀጫ ከምጠይቅ ብዬ እንደ ቆሎ በደረቁ ቃምኩት።

ረቡዕ
ባሰብኝ። ሆዴ ከበሮ ሆኗል። ይህ ነገር ውስጤ ገብቶ ምን እየሠራ ነው? ጥቂት ፍሬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሬ ቁጭ ብዬ አየሁ። ቀስ በቀስ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ለበሰ። ገባኝ። ተልባ ውኃ ጠጪ ነው። እኔ ስላላጠጣሁት ከሆዴ ጠጣ።
ለደም ግፊቴም ደግ ነው ሲሉ ሰምቼ የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ጠየቅኳት። «ሊረዳ ይችላል ጋሼ፣ ክኒንዎን ግን አይተካም። ደግሞ አንድ ላይ አይውሰዷቸው፤ ያራርቋቸው» አለች። ይህን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ
ጠዋት በሬን ስከፍት ሙቀጫው ከነዘነዘናው ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። ተልባውን ቆላሁት፤ ሲሞቅ እየተንጣጣ ይዘላል። ወቀጥኩት፣ ነፋሁት፣ በጥብጬ ጠጣሁት። ለካ ይጣፍጣል።
አስናቀች ከበሩ ኋላ፣ «ውኃ ይጨምሩበት» አለች።
«ሰምቻለሁ» አልኩ። የዛሬው ንግግራችን ይኸው ነው።

ዓርብ
ጎህ ሲቀድ ተገላገልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን። ደብረ ብርሃን ቀረ። አስናቀች ፊቴን አይታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዳቦ ስታቀርብልኝ ግን በላሁ።
ረፋዱ ላይ ደምሴ መጣ። አጥሩን ተደግፎ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብዙ አወራ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ተልባ ተርፎሃል?» አለኝ።
«ለማን?»
«ለባለቤቴ ነው።»
ባለቤቱ የወለደች ልጇን ልታርስ ወደ ካራቆሬ ከሄደች ሰንብታለች። ግማሹን ሰጠሁት። «ቁላው፣ ውቀጠው፣ ውኃ አብዛ» አልኩት።
«እነግራታለሁ» አለ።
አስናቀች ያን ቀን ባትናገር ኖሮ እኔም እሱም... ይህን አልጨርሰውም። ስለ ማኅበሩ ቀን ከእንግዲህ ለማንም አልናገርም። እዚህም አልጽፍም።