የጥበቃው ተራ

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለታፋ አባት፣ ለጨመዳ

አካም ጅርታ? ሥልጠናው፣ የአዲስ አበባው ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ለዚህ ቤት አንድ ውሸታም ይበቃዋል።

ከመሄድህ በፊት ቀበሌ ገብተህ በሌሊት ጥበቃው መዝገብ ላይ በአንተ ፋንታ ታፋን አስጽፈሃል። "ልጄ ፍጹም ጤነኛ ነው" ብለህም ፈርመሃል። የጨመዳ ልጅ አበደ እንዳይባል ነዋ! ሐኪሙ "መድኃኒቱንና እንቅልፉን አደራ" ሲለን አጠገቤ ተቀምጠህ እሺ ስትል አልነበረም እንዴ?

ልጁ በየሦስት ቀኑ ውጭ ያድር ጀመር። ተረኛ ሆኜ እንዳልተኛ ብሎ መድኃኒቱንም ተወ። በሁለተኛው ሳምንት ማንም ሳይነካው ጉልበቱ አበጠ፣ ድዱ ቀላ፣ ገላው ጋለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ጠፍተው የከረሙት ድምፆች ተመለሱበት። "ሀርሜ፣ እናቴ፣ በሩ ሥር ቆመው ይስቁብኛል" አለኝ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነመራ መጥቶ መርፌ ወጋው። መጀመሪያ የታመመ ጊዜም እንዲሁ እንደነበር ያስታወሰኝ እሱ ነው፤ ያኔም እንቅልፉ ቀድሞ ሄደ፣ እብጠቱ ተከተለ፣ ድምፆቹ መጨረሻ መጡ። "እንቅልፍ ያጣ ገላ ከውስጥ ይቆጣል፤ ቁጣው ጭንቅላቱንም ሳይነካው አይቀርም። መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ" አለኝ።

ትናንት ሊቀመንበሩ ጓድ በላይ ዘንድ ሄጄ የልጄን ስም ሰርዙልኝ አልኩ። ፊርማህን አውጥቶ አሳየኝና "ከሁለታችሁ የዋሸው ማን ነው?" አለ።

"እሱ" አልኩት።

ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። አብዮቱን አታለለ ቢሉህ ምን እንደሚመጣብህ አጥቼው አይደለም። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ከቀበሌ ይጽፉልሃል። "ልጄ ታሟል፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ" ብለህ መልስ። እኔን ውሸታም ካደረግኸኝ ታፋ መዝገቡ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጅ የለህም። መልስህ እስኪደርስ ቤታችን ተራውን ይወጣ ብለዋል። ቅዳሜ ካፖርትህን ለብሼ የምወጣው እኔ ነኝ። ታፋ አሁን ተኝቷል፤ ጎረቤቱን ሁሉ ተጣልቼ ሬዲዮ አስዘግቻለሁ።

ጌታ ከክፉ ይሰውርህ፣ በደህና ይመልስህ። ብናደድብህም ምርቃቴን አልነሳህም። ሚስትህ ብዬ ልፈርም ነበር፤ እሱ መልስህን ካየሁ በኋላ ይደርሳል።

የታፋ እናት፣
ዓባይነሽ