አዲሶቹ ሽመላዎች

ወላይታ ሶዶ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለእዮኤል ሶርሳ
ደርባን

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔም እህትህም በጌታ ቸርነት ደህና ነን። ሜላት ፈተና ላይ ስለሆነች ቤቱ ጸጥ ብሏል። የዳሞታ ተራራ ከትናንት ጀምሮ ደመናውን ለብሶ ቁጭ ብሏል፤ ያሰጣሁት በርበሬ አልደርቅ ብሎ አበሳጭቶኛል። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የጩማ ልጅ ይዞልህ ይመጣል። በቴሌግራም ብጽፍልህ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አውራ ጣት ልከህልኝ ወደ ሱቅህ ትመለሳለህ። ወረቀት ላይ አውራ ጣት አይሠራምና እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ባለፈው ሳምንት በአንድ ምሽት ሁለት መልእክት ላክህልኝ። አንደኛው ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ስትደውል ስለ ነገርኩህ ስለ ደገፉ ነው። "በአባቴ ቦታ ማንም አይቆምም" አልክ። ሁለተኛው በልጅነትህ ስላየኸው ስለ ሽመላዎቹ ፊልም ነው። እንደ አዲስ ተሠርቶ አይተኸው፣ "ክላሲክ አይነካም፤ ልጅነታችንን አበላሹት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አባትየው ሲሰናበታቸው የሚናገራትን ያቺን ቃል ቆርጠው ጥለዋታል" ብለህ ተቆጣህ። ሁለቱን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩ። ቁጣህ ያው አንድ ሆኖ ታየኝ።

ስለ አንደኛው ልጨቀጭቅህ አልፈልግም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ትልቁ ልጅ ቃሉን ሳይሰጥ የእኔና የደገፉ ስም ለጋብቻ በጉባኤ ፊት አይነበብም ብለዋል። እኔም ያለ አንተ ፈቃድ እንዲነበብ አልፈልግም። እምቢ ካልክ ይቀራል፤ ቂምም አልይዝብህም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ፊልሙ ብቻ ነው። እናትህ አስተማሪ ናት፤ አንድ ርዕስ ከያዘች ደወል እስኪደወል አትለቅም። ቻለው።

መጀመሪያ እኔም እንዳንተ ነበርኩ። ሜላት በፍላሽ ይዛው ስትመጣ፣ "ደህና የነበረውን ምን ይነካኩታል?" ብዬ ፊቴን አጠቆርኩባት። ካየሁት በኋላ ግን ልዋሽህ አልችልም፣ ወደድኩት። በድሮው ሐይቁ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነበር። አሁን ንፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፣ ሽመላዎቹ ሲራመዱ ጭቃው በጣታቸው መሀል ሲወጣ ታያለህ። ላባቸው አንድ በአንድ ይለያል። እህትህ ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆና ሳለች፣ ሳይታወቃት እጇን ወደ ስክሪኑ ስትዘረጋ ያዝኳት። ፈሪው ትንሹ ሽመላ ግን ዛሬም እስከ ድንጋዩ ጫፍ ሄዶ ይመለሳል። እሱን አልነኩትም፤ ደግ አደረጉ። የሚነካውንና የማይነካውን ለይተው ያወቁ ሰዎች ናቸው።

ጉድለት የለውም አልልህም። እንቁራሪቱ ወሬ አብዝቷል፣ ዘፈኑም ጆሮ ይበጥሳል።

በጣም የገረመችኝ እናትየዋ ናት። በድሮው ፊልም ምን ትላለች? "ኑ ብሉ" ትላለች፣ "ጭቃ አትንኩ" ትላለች፣ አለቀ። በአዲሱ ግን አባትየው ክንፉ ተሰብሮ ሲቀር፣ እሷ ሐይቁ ዳር ቆማ መንገድ ስትመርጥ እናያለን። ትፈራለች። ልጆቹ ፊት አንገቷን ቀና ታደርግና ዘወር ሲሉላት ትደፋዋለች። ያን ሁሉ ዓመት ያቺ ወፍ በሆዷ ምን እንዳለ ማንም አልጠየቃትም ነበር፣ እኔ ራሴም ጭምር። አንድን ታሪክ ደግሞ መሥራት ጥቅሙ ይኸው ይመስለኛል፤ በመጀመሪያው ዙር ሳይታይ ያለፈ ሰው በሁለተኛው ይታያል።

የድሮውስ ጠፋ እንዴ? ሲዲው እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በአባትህ ሰማያዊ ከረባት እንደ ተጠቀለለ ነበር። አዲሱ መጣ ተብሎ ማንም አልሰበረውም። እንዲያውም የጩማ የልጅ ልጆች አዲሱን ካዩ በኋላ "የድሮው የታል?" ብለው መጥተው፣ የእኛን ሳሎን ሞልተው አይተውት ሄዱ። ሲዲው ለዓመታት የነካው ሰው አልነበረም፤ ከተቀመጠበት ያስነሳው አዲሱ ነው።

አሁን ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገርህ። ወጣቶቹ ፊልሙን በአዳራሹ ለልጆች አሳዩ። ወደ አማርኛ የተመለሰው ነው። ከበዴሳ መስመር የመጡ ልጆች ብዙ ነበሩና ገና ከመጀመሩ ቁንጥንጥ ማለት ጀመሩ። ጩማ ከፊት ተነሥቶ በዚያ ድምፁ፣ "አስናቀች፣ ይሄ ልጆች አማርኛ አልገባውም! ተነሽ አስተርጉሚ!" አለኝ። እምቢ አልኩ። ሜላት ከወንበሬ ገፋችኝ።

አባትህ እንዴት ይቆም እንደ ነበር ታስታውሳለህ። ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው አጠገብ እንደሚቆመው፣ ከቴሌቪዥናችን በስተቀኝ አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። ሽመላው አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ይላል፣ አባትህ በወላይትኛ ይመልሰዋል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ምንጣፋችን ላይ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ሲዲው ተጭሮ ምስሉ ዝናቡ ላይ ሲቆም እንኳ አባትህ አይቆምም ነበር፤ ዝናቡን ራሱ ያዘንበዋል። እኔም ቅዳሜ በስተቀኝ በኩል ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ስለ ጠፋኝ ወደ ኋላ አደረግኩት።

ጥሩ ሄደልኝ፤ ልጆቹ ሳቁልኝ። አባትየው የሚሰናበትበት ቦታ ደረስን። በአዲሱ "ንፋሱን ተከተሉ" ብቻ ነው የሚላቸው። እሱን ልተረጉም አፌን ስከፍት፣ ከአዳራሹ ጀርባ የተቀመጡት ወላጆች ቀደሙኝ። ያንተ እኩዮች ናቸው፣ ምንጣፋችን ላይ ያደጉት። እንደ ቃል ጥናት በአንድ ድምፅ በወላይትኛ፣ "ልጆች፣ እናታችሁ ብቻዋን እንዳትበር!" አሉ። ልጆቹ ወደ ኋላ ዞረው አዩአቸው፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔም ያንኑ ቃል ደገምኩላቸው።

ደገፉ አዳራሹ ውስጥ ነበር። በስልክ ስሙን ሰማህ እንጂ ሰውየውን አታውቀውም፤ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ኦቶና ሆስፒታል የመጣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፣ ሚስቱ ከአባትህ በፊት የሞተችበት። ወላይትኛ ይሰማል፣ ሲናገር ግን ሰው ያስቃል። እዚህ የመጣ ሰሞን ምንም ስለማይሰማ ስብከቱን ሁሉ የሚከታተለው አባትህ ወደ አማርኛ ሲመልስለት ነበር። ቅዳሜ ስንወጣ፣ "ያቺ ንግግር በአማርኛው ላይ የለችም፣ ከየት አመጣችኋት?" አለኝ። የሶርሳ ናት አልኩት። ጥቂት እንደ ሄድን፣ "እንግዲያው ሶርሳ ዛሬም አስተረጎመልኝ" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ልጄ፣ ይህ ሰው በአባትህ ቦታ ልቁም ያለ ሰው አይደለም።

ይቅርታ፣ ስለ ፊልሙ ብቻ ብዬህ ነበር።

እዮኤል፣ ያቺን ቃል ቆርጠው ጣሏት ብለሃል። አልቆረጧትም። በመጀመሪያውም ፊልም አልነበረችም። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ የልጆች ደብተር እያረምኩ ከኋላችሁ ስቀመጥ እሰማ ነበር። ሽመላው ያለው "ብርዱ ሳይደርስባችሁ በሸለቆው በኩል ሂዱ" ነው። እናንተ ስታለቅሱ እኔ ሳቄ መጥቶ ደብተሩን ፊቴ ላይ አደረግኩት። ልጆቹ ሲበተኑ አባትህን፣ "ሸለቆውን የት ጣልከው?" አልኩት። አባትህ ሲያፍር ጆሮውን እንደሚያሽ ታውቃለህ። "እንግሊዝኛው አመለጠኝ" አለኝ፤ "ዐይኔን ሳነሣ እናትየዋ ብቻዋን ቆማለች። ያየሁትን ተረጎምኩ።" ከዚያ ወዲያ ፊልሙ በታየ ቁጥር ያንኑ አለ፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ከሸለቆው ይሻላል ብዬ ነው።

እንግዲህ አንተ አይነካም የምትለው ፊልም፣ አባትህ ሳሎናችን ውስጥ እንደ አዲስ የሠራው ነው። እሱ የተሰጠውን ወስዶ፣ ለእኛ የሚሆነውን ጨምሮበት አሳለፈልን። አዲሶቹም ያደረጉት እሱ ያደረገውን ነው። ስለዚህ አልተቀየምኳቸውም፣ አንተም አትቀየማቸው።

ሲዲውን ከነከረባቱ በጩማ ልጅ ልኬልሃለሁ። ማጫወቻ ከየትም ፈልግና እየው። ዛሬ እንግሊዝኛህ ከእኔ ይበልጣል፤ ስንብቱ ላይ ስትደርስ ድምፁን ከፍ አድርገህ ራስህ ስማው። ያቺን ቃል አታገኛትም። እኔን ብቻ ብለህ እሺ እንድትለኝ አልፈልግም፤ የማትችለው ከሆነ ግልጹን ንገረኝ። ብቻ ያቺን ቃል ከፊልሙ ሁሉ አብልጠህ የወደድካት አንተ ነህ። የማን እንደ ሆነች ደግሞ አሁን ታውቃለህ።

በመግባት በመውጣትህ ጌታ ይቅደምልህ። የሱቅህን በር ከክፉ ሰው ይጠብቅልህ፤ ምሽት ላይ ብቻህን አትዝጋው። ሜላት ፈተናው ሲያልቅ ትደውልልሃለች። ጩማ "ሳሮ በለው" ብሎ ሰላም ብሎሃል። ሽማግሌዎቹ መልስህን ይጠብቃሉ፣ ቀን አልቆረጡም። እኔም አልቆርጥብህም፣ እጠብቃለሁ።

ፊልሙን አይተህ ስትጨርስ ደውልልኝ። ስለ እንቁራሪቱ ከሆነ እንስማማለን።

የምትወድህ እናትህ
አስናቀች