የብሌን አማት ሳሪ

ኃይለመለኮት ወንድሜ፣ ካርዷ ጠባብ ናት፣ ዋናውን ብቻ ልንገርህ። ትናንት እዚህ ኤስኲሊኖ የሚባል ሰፈር ሄደን የብሌንን እጮኛ እናት ተዋወቅን። ህንድ ናቸው። መቼም ታውቀኛለህ፣ ጭንቀቴን በተራ ይዤ ነው የገባሁት፦ አንደኛ፣ ልጄን ባይወዷትስ? ሁለተኛ፣ ምግቡ ቢያቃጥለኝስ?

ሴትየዋ ከሐርና ከጥጥ በእጅ የተሸመነ ሳሪ ለብሰዋል። ሸማኔ ነህና ብታየው ትቀናለህ፤ ያ ሁሉ ስፋት እንደኛ ነጠላ መሃሉ ላይ ስፌት የለውም! ግን ወርቃማው ጥለት አንገታቸው ላይ ነው። እኛ ጋ ጥለት ወደ ላይ ሐዘን አይደል? ልጃቸው የኔን ልጅ ሊያገባ ነው ብለው ያዘኑ መሰለኝ። ደንግጬ የራሴንም ነጠላ ጥለት ወደ ላይ አዞርኩና "እግዜር ያጥናዎት" አልኳቸው።

"አባዬ! ማማ ሚያ! የደስታ ልብሳቸው እኮ ነው!" አለች ብሌን። ስትተረጉምላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ አንተ የሸመንክልኝን ነጠላ ገልብጠው ጀርባውን አዩና "ልጅቷንም ነጠላውንም ወስጃለሁ" አሉ። ወዲያው ለበሱትና አብረን ፎቶ ተነሳን፣ ጥለቱን አገጫቸው ስር አድርገው። ማረም ፈርቼ ለካሜራው ፈገግ አልኩ።

የሻረግንና ልጆቹን ሳምልኝ። ፎቶው ሰፈር ሲደርስ ለእድሩ ንገርልኝ፦ ማንም አልሞተም፣ ድንኳን እንዳይተክሉ።