በቤቱ የሚያወራው ስልኩ ብቻ ነበር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ቢቸና

ዩኒፎርም። እጅጌ፣ ኮሌታ፣ እንደገና እጅጌ። ት/ቤት ከተከፈተ ቆየ፤ ወላጆች ግን ዛሬም ጨርቅ ያመጣሉ። የስፌት መኪናዬ ይንጫጫል። ልጄ ቢኒያም ከእግሬ ሥር ስልክ ያያል። ሦስት ዓመት አልፎታል። «ብሉ» ይላል፣ «የሎው» ይላል፣ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል። እማዬ አይልም። ውኃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል። በስሙ ስጠራው አይዞርም። ይኼን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ለማስታወሻዬ ብቻ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ደምሰው ደወለ። ባለቤቴ የሚያስተምረው ሞጣ ነው፤ እናቱ ዘንድ ይከርምና ቅዳሜ ይመጣል። ልጁ ቀለም ሲጠራ አሰማሁት። ደስ አለው፤ ለመምህራኑ ሊያወራ ነው። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ቁልፍ መትከሌን ቀጠልኩ።

ስልኩን የገዛው እሱ ነው። አምና፣ ሕፃኗ ልጃችን ሳትጠመቅ የሞተች ጊዜ። ልጁ ይያዝበት፣ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ ብሎ። ጋደም አልኩ። ተነሣሁ። ስልኩ ልጁ እጅ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ደምሰው እናቱን ይዞ መጣ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ ልጁን ጠሩት። ዝም። ከኋላው አጨበጨቡ። ዝም።

«ይኼ ልጅ ጆሮው ይሰማል?» አሉ።

ደምሰው ሣቀ። ከዚያ ሣቁን ተወው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ሞጣ

ሐኪም ቤት ሄድን። ጆሮው ደህና ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት። ስልክ ምን ያህል ያያል አለች። ከነቃ እስኪተኛ፣ አልኩ። እናንተስ ምን ታወሩታላችሁ? ደምሰው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ልጁ። ስልኩን አጥፉና አውሩት፤ ለውጥ ከሌለ ባ/ዳር እልካችኋለሁ አለች።

ወ/ሮ ጥሩወርቅ ልጁ እሳቸው ጋ ይክረም ይላሉ፤ ቤታቸው ሰው አይጠፋውም። አንቺም ታርፊያለሽ አሉኝ። እሺ አልኩ። ልብሱን አዘጋጅቼ ልጠብቅ፤ ቅዳሜ ደምሰው መጥቶ ይወስደዋል። እሺ ማለት ቀሎኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ ቢቸና

ስልኩን አጥፍቼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ጮኸ። ራሱን ከግድግዳው ጋር አጋጨ። ጎረቤት ምን ሆነ ብላ መጣች፤ ጥርስ ነው አልኳት። ይዤው ተቀመጥኩ፤ የሌላ ሰው ልጅ የያዝኩ ያህል። ሲደክመው ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ተኛ። ቤቱ ጭጭ አለ። ለካ እስከ ዛሬ እዚህ ቤት የሚያወራው ስልኩ ብቻ ነበር።

ሲነቃ ላወራው ሞከርኩ። ይኼ መቀስ ነው። ይኼ ክር ነው። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። አያየኝም። የማወራው አለቀብኝ። ስለ እኅቱ ነገርኩት። ፀጉሯ ብዙ እንደነበር። እግሯን ይስማት እንደነበር። ክርስትና ስሟን ሳታገኝ መሄዷን። ለማንም ያላወራሁትን። የያዘውን ቁልፍ ጣለና መጥቶ መዳፉን ጉሮሮዬ ላይ አደረገ። ዝም ስል ነካ ነካ አደረገኝ። ቀጠልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። እጄን ጎተተኝ፣ ወደ ጀሪካኑ። አልተነሣሁም። ውኃ በለኝ አልኩት። ጎተተኝ። ውኃ፣ አልኩ። መዳፉ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ከንፈሩ ሞጠሞጠ።

«ው» አለ።

ቀዳሁለት። ምናልባት ትንፋሽ ይሆናል። እንባዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ግን እስኪመሽ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16፣ ጠዋት

ልጁ ሳይነቃ ስልኩን አውርጄ ወ/ሮ ጥሩወርቅ ጋ ደወልኩ። ልጁን አልልከውም አልኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«እኔስ ልምጣ?» አሉ።

«ይምጡልኝ» አልኩ።

ልብሱን ከሻንጣው አወጣሁ። ደምሰው መንገድ ላይ ነው። ልጁን እንደማልሰጠው እነግረዋለሁ። ስለ ልጅቷም አወራዋለሁ። ከቀበርናት ወዲህ ሁለታችን አንድም ቀን አንሥተናት አናውቅም። እሱ ባይጀምር እኔ እጀምራለሁ። ዛሬ።