ፍሬን የሌላትን መኪናዬን ስላሳለፉልኝ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ፤ ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ልብዎ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ። የእኔ ልብ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ወደ ቦታው ስላልተመለሰ፣ በጽሑፌ ውስጥ የተንቀጠቀጠ ፊደል ቢያገኙ ከንቀት ሳይሆን ከፍርሃት መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ከሟች ወንድሜ የወረስኳት የሃያ ስድስት ዓመት መኪና አለችኝ፤ ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና የማመላልሰው በእሷ ነው። የምርመራው ቀን ሲቃረብ መኪናዋ ጠባይዋን ለወጠችብኝ። ፍሬን ስይዝ ብረት ከብረት እንደሚፋጭ ትጮኻለች፤ መሪዋ እጄ ውስጥ ይርገበገባል፤ ወደ ግራ ትጎትተኛለች፤ ቆማ ሳለች ፔዳሉን ረግጬ ስይዘው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል። ድምፅ ሰምቶ በሽታ ስለሚያውቅ ሰፈሩ «ጆሮ» የሚለው መካኒካችን ከከተማ ወጥቶ ነበር። እኔም «ከሰው ጆሮ የመንግሥት መሣሪያ ይሻላል» ብዬ፣ አራቱን ምልክቶች ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከሕክምና የምትመለሰውን እናቴን ከኋላ አስቀምጬ፣ በአንደኛ ማርሽ እየዳሁ ወደ ጣቢያዎ መጣሁ።

ስለሆነም ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መርማሪዎ ወረቀቴን በሁለት እጁ ስለተቀበለኝ አመሰግናለሁ። ማንበቡን አላነበበውም፤ ግራሶ የነካውን ጣቱን ግን አሳምሮ ጠርጎበታል።

፪. የፍሬን መለኪያውን መሣሪያ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የሠራተኞች ጃኬት ተሰቅሎበት ስላገኘሁት አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ውድ ዕቃ አቧራ እንዳይነካው መጠንቀቅ ተገቢ ነው። «ወንድሜ፣ ፍሬኑ ያስፈራኛል» ስለው፣ መርማሪዎ ክላክስ አስነፍቶኝ፣ መብራት አብርቶ አጥፍቶ፣ «እህቴ፣ መኪናሽ አርጅታለች እንጂ አልታመመችም፤ ፍርሃቱ ያንቺ ነው» አለኝና ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጠፈልኝ። እኔም ሞኟ ከገዛ እግሬ ይልቅ ማህተምዎን አመንኩ።

፫. ከጣቢያዎ በር የሚጀምረውን ቁልቁለት ያውቁታል። እኩሌታው ላይ ስደርስ ፔዳሉን ረገጥኩት፤ ወለሉን ነካ። ደግሜ ረገጥኩት፤ ባዶ ነው። ከታች መስቀለኛው መንገድ ላይ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ትሻገራለች። እናቴ ከኋላ፣ «ምነው ልጄ፣ ቀስ በይ እንጂ! ማን ያባርርሻል?» ትላለች። ፍሬን የለንም ብላት በድንጋጤ እንዳትሞትብኝ ፈርቼ፣ «እማዬ፣ ወንበሩን አጥብቀሽ ያዢ» ብቻ አልኳት። «ልንደርስ ስንል ምን አስቸኮለሽ?» አለች። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ ገፋሁት፤ ሞተሩ አጓራ፤ በአንድ እጄ መሪውን ይዤ በሌላው የእጅ ፍሬኑን እስከ ትከሻዬ ሳብኩት። ከዚያ እጄን በክላክሱ ላይ ተጫንኩት፤ ክላክሴ ደህና መሆኑን መርማሪዎ አረጋግጦልኛልና። ሴትዮዋ ጋሪውን ጎትታ ወደ ኋላ ዘለለች። ዓይኗን አየሁት፤ እስከ ዛሬም እያየሁት ነው። መኪናዋ ጋሪው በነበረበት ቦታ አልፋ፣ በመሠራት ላይ ካለ ቤት ፊት የተከመረ አሸዋ ውስጥ እስከ መብራቷ ተቀብራ ቆመች።

ማንም አልተጎዳም። እናቴ «እዚህ ምን ልናደርግ ቆምን?» ብላ ልትቆጣኝ አንገቷን አሰገገች፤ ፊቴን ስታይ ግን እጄን ያዘችና ዝም አለች። እናቴን ዝም ስትል ሳያት በዕድሜዬ ገና ሁለተኛዬ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ስለጠፋብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጆሮ በማግሥቱ መጥቶ ጎማዎቹን ፈታቸው። የፊተኛው የፍሬን ሸራ ከውስጥ በኩል ተሟጦ አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየበላው ነበር፤ ከኋላ በስተቀኝ ደግሞ ቱቦው ተሰንጥቆ የፍሬን ዘይቱ የጎማውን ውስጥ አርሶታል። «ይህን ለማየት መሣሪያም አያስፈልግ» አለኝ፣ እጁን እየጠረገ፤ «ጎንበስ ማለት ይበቃ ነበር።»

እኔ ግን እስካሁን አልዳንኩም። የልብስ ስፌት መኪናዬም ፔዳል አላት፤ እግሬ ሲጫናትና ወደ ታች ስትወርድ ላብ ያጠምቀኛል። መንገድ ስሻገርም ሰላም የለኝም፤ ቦሎ የለጠፈ መኪና ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣ ይመስለኛል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ያልለጠፈ የለም።

ስለዚህ ቦሎዬን በምላጭ ፍቄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ሸራውና ቱቦው እስኪቀየር ድረስ መኪናዬ መውደቋን በማህተም እንዲያረጋግጡልኝ እማጸናለሁ። መውደቅን እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

ለመሥሪያ ቤትዎ ቸርነትና ለማያውቁኝ ግንበኞች አሸዋ ያለኝን ልክ የሌለው ምስጋና እየገለጽኩ፣ ከእንግዲህ ሁልጊዜ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ የምትሄድ ታዛዥዎ፣

መጋረጃ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን በእጄ ላደርስ ብመጣ ወጥተው ነበር። «መኪናቸው ቆማለችኮ፣ የት ሄዱ?» ብዬ የበሩን ጥበቃ ብጠይቀው፣ «አለቃችን ይህን ቁልቁለት ሁልጊዜ በእግራቸው ነው የሚወርዱት፤ ከመኪናው መንገድም ርቀው፣ በግንቡ በኩል» አለኝ። ለጤናዎ መጠንቀቅዎን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል።