ለሌለ ጣት መርፌ ስለ መፍቀድዎ

ለተከበሩ የሎን ስፕሩስ የጤና መድን
የሕክምና ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ የጣቶችዎን ደግሞ አብልጬ፣ «አልተፈቀደም» የምትለዋን ቁልፍ ቀኑን ሙሉ ሲጫኑ ይደክማሉና። ማርዴል ሃውግስታድ እባላለሁ፤ የአናጺው የቨርሊን ሚስት ነኝ። ቨርሊን ከተወለደ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው፤ የሚናገረው በእጁ ነው። የቀኝ እጁ መሐል ጣት ጅማት ሽፋኑ ውስጥ እየተቀረቀረ፣ ጣቱ አንዴ ከታጠፈ አልዘረጋም ሲለው፣ የልጃችን የብሪታ ሰርግ ሳይደርስ እንዲሻለው ሐኪሙ አንዲት መርፌ አዘዘለት። በእናንተ ዓለም መርፌ ያለ ቁጥር አይወጋምና 20550 ተብሎ ተጻፈ፤ ለቀኝ መሐል ጣት «ኤፍ 7» መከተል ሲገባው የክሊኒኩ ጸሐፊ ተሳስታ «ኤፍ 2» ብላ ላከችው። ኤፍ 2 የግራው መሐል ጣት ነው። ያንን ጣት መጋዝ ከወሰደው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የሚከተለውን አመለክታለሁ፦

፩. ለሌለው ጣት መርፌ በሁለት ቀን ውስጥ ስለ ፈቀዱ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ጸሐፊዋ ስሕተቷን በማግስቱ አርማ ስትልክ ግን፣ ለሚያመው ጣት «ለዚሁ ሕመም በቅርቡ መርፌ ተፈቅዷል» ብለው ከለከሉ።

፪. የግራ እጁን ፎቶግራፍ ላኩ ስላላችሁን ላክን። መልሳችሁ «ጣቱ በግልጽ አይታይም፤ እንደገና ያንሱት» የሚል ነበር። አበስኩ ገበርኩ! እንደገና አነሣነው።

፫. ስልክ ስደውል ሠራተኛችሁ «እመቤቴ፣ እርማቱን ባለቤትዎ ራሳቸው በድምፃቸው ማረጋገጥ አለባቸው» አለችኝ። «እሱ እኮ አይሰማም፣ የኔ እህት» ብላት፣ «ግድ የለም፣ መስመር ላይ እንጠብቃቸዋለን» አለች። በልጅቱ አልፈርድም፤ ያስጠናችኋት ይህንኑ ነው።

፬. በዚህ መሐል ሰርጉ ደረሰ። ቨርሊን ለልጁ የሚናገረውን ሁለት ወር ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሲለማመድ ከርሟል። ተነሥቶ ሦስት ቃል እንዳለ ጣቱ ተቀረቀረ። በሌላው እጁ ሊያቃናው ታገለ፤ እጁ ተኮላተፈ፤ እንግዶቹ ዐይናቸውን ወደ ሳህናቸው መለሱ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ተቀመጠ። ብሪታ ስታለቅስ አየኋት።

ባለቤቴ ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ አይሰማም እንጂ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር፤ ዝም ያሰኛችሁት እናንተ ናችሁ። እባክዎ፣ ሁለትን ሰርዘው ሰባት ይጻፉ፤ ሌላ ምንም አልለምንም።

የትኛው ጣት እናንተ ዘንድ እንደሚቆጠር ስለማላውቅ በዐሥሩም ፈርሜያለሁ፤
ታዛዥዎ፣ ማርዴል ሃውግስታድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቨርሊን ለክቡርነትዎ በምልክት የሚያስተላልፈው፣ አሜሪካዊ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ የሚገባው አጭር መልእክት አለው፤ የሚጠይቀውም አንድ መሐል ጣት ብቻ ነው። የግራው የለም፤ የቀኙ አልዘረጋም ብሏል። መርፌው በሠራለት ማግስት በግንባር ቀርቦ ያደርስልዎታል።