ያላልከው ኑዛዜ

ለአባዬ፣ ለልብስ ሰፊው፤

ደብዳቤ የሚጀመረው «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ተብሎ ነው። እኔ ግን ይህን ለመጠየቅ ፈራሁ። ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሞላ፤ በዚህ ዘጠኝ ወር ደህና ካልሰነበትክ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ እሑድ ጠዋት፣ የዋንጫው ኳስ ጨዋታ ሳይደርስ፣ አንተ ልብስ ትቆርጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። በጽሕፈቴ አትሳቅ።

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ካዘገየሁት እንደ ልማዴ እሸሸዋለሁ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አጠገብህ እኔ ብቻ ነበርኩ። እማዬ የነፍስ አባትህን አባ ወልደ ሰንበትን ልትጠራ ወጥታ ነበር። ዓይንህን ገለጥ አድርገህ «ኳሷን ሞራ ቀቧት፤ ዝናብ መትቷታል» አልከኝ። ሌላ ቃል አልተናገርክም። እማዬ ተመልሳ ምን አለ ስትለኝ አለቀስኩ እንጂ አልመለስኩላትም። አፍሬ ነው። አንተን የሚያህል ሰው በሞራ ወሬ ከዚህ ዓለም ተሰናበተ ብዬ ለለቀስተኛ እንዴት ልንገር?

ከሠላሳ ቀን በኋላ ደግሞ ያላልከውን አለ ብዬ ተናገርኩ። ሜዳ ላይ፣ በተጫዋቾችህ ፊት፣ «አባቴ ጊምቢን ሳታሸንፉ ተዝካሬን እንዳታወጡ ብሎ ተናዟል» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አንተ ይገባሃል፤ ያን ቡድን እንዴት እንደሰበሰብከው ካንተ በቀር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጊምቢዎች እዚሁ ነቀምት፣ የጃንሆይ ልደት በሚከበርበት ሜዳ ላይ፣ አምስት ለባዶ የቀጡን ቀን ሌላው ሰው ዳኛውን ይሳደብ ነበር። አንተ ሜትርህን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ ከመስመሩ ዳር ቆመህ የጊምቢን ልጆች በዓይንህ ትለካለህ። በማግስቱ አቡጀዲ ቆርጠህ፣ ቀይ ቀለም ነክረህ አሥራ አንድ ማሊያ ሰፋህ። ሰው ቡድን ሠርቶ ማሊያ ያሰፋል፤ አንተ ማሊያ ሰፍተህ ሰው ፍለጋ ወጣህ። የጊምቢው አጥቂ ቁመቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ የሚያቆመው ሰው ትከሻው ይህን ያህል መሆን አለበት አልክ። ከተማው ሳቀብህ። እኔም ስቄብሃለሁ።

አንድ ቁጥሯን ማሊያ ይዘን ሲሬ የወረድን ዕለት ትዝ ይለኛል። አውቶቡሱ እንደቆመ አንድ ረጅም ጭነት አውራጅ ከጣራው ላይ የሚወረወርለትን የበርበሬ ከረጢት አንዱንም መሬት ሳያስነካ ይቀልባል። ቶለራ ይባላል። «እስቲ ይህችን ልበሳት» አልከው። እጅጌዋ አንጓው ላይ ልክ ስትደርስ በረኛ አገኘን ብለህ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት ጉንጩን ሳምከው፤ ሰውዬው አበደ እንዴ የሚል ነበር። ከአርጆ በቅሎ ነጂውን ዋቅጅራን ለተከላካይ አመጣህ። ዘጠኝ ቁጥሯ ግን ባለቤቷ ጎረቤታችን ሆኖ ተገኘ፤ መምህር ገመቹ። ለእኔ ማሊያ አልሰፋህልኝም። የአንተ እግር የተፈጠረው ለስፌት መኪና ፔዳል ነው ብለህ ረዳትህ አደረግኸኝ።

ስትሞት ግን ሁሉም ተበተነ። ለልምምድ ጥሩምባ ብነፋ የሚመጣው ሦስት ሰው ሆነ። ማሊያዎችህ መወልወያ ሆነው ሲያልቁ ታየኝና ፈራሁ። ሦስቱ ፊት ያን ቃል ስናገር ሌሎቹ ይሰማሉ፣ ይመጣሉ ብዬ ነበር። መጡም። በሳምንቱ አሥራ አንዱም ሜዳው ላይ ነበሩ፤ ቶለራ እንኳ የመጨረሻውን አውቶቡስ አራግፎ በጭነት መኪና ይመጣ ጀመር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አባዬ። ቃሉ ሜዳው ላይ ይቀራል ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ገበያው በአማርኛም በኦሮምኛም ያወራው ጀመር። እማዬ ሰማች። ለአርባህ ጠላ ጠንስሳ ነበር። ምንም ሳትጠይቀኝ ጥንስሱን ለጎረቤት አከፋፈለችና «አባትህ ያለው ይሁን» አለች። አባ ወልደ ሰንበትም የሟች ቃል ነው፣ ጸሎቱን እኔ አላቋርጥም፣ ድግሱ ግን ይቆይ አሉ። ያን ጊዜ ነበር ዋሽቼ ነው ማለት የነበረብኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። አርባህ አለፈ፣ ሰማንያህ አለፈ፣ መንፈቅህ አለፈ። እማዬ ከል አልቀየረችም። መኪናህ በነጠላዋ እንደተሸፈነች ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ድምጿን አልሰማንም። በጥር ወር አንድ ጠዋት እማዬ ሕልሟን ነገረችኝ። አንተ ሜትርህን አንገትህ ላይ አድርገህ በረንዳው ላይ ዝናብ እየመታህ ቆመሃል፤ ግባ ስትልህ ገና ነው ትላታለህ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር በረንዳውን ዞር ብዬ ሳላይ አልገባም። አሁንም እየጻፍኩ ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ።

ቡድኑ ግን አማረበት። አርጆን አሸነፍን፣ ሌሎቹንም ተራ በተራ ጣልናቸው። ሰው ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ የአባቱ ልጅ ይለኛል፤ እኔ ባሸነፍን ቁጥር ፍርሃቴ ይብሳል። ለዋንጫው የቀረን ጊምቢ ብቻ ሆነ። ብንሸነፍ አንተ ሌላ ዓመት ደጅ ልትቆም ነው። ብናሸንፍ ደግሞ ውሸቴ እውነት ሆኖ ከነሥሩ ሊተከል ነው፤ መቼም ላልነቅለው። የቱን እንደምለምን አጥቼ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ።

ያስጨነቀኝ ነገር ያለፈው ሐሙስ መጣ። ገመቹ በልምምድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ እንደ ዱባ አበጠ። ወጌሻው አሽቶ አሰረለትና እሑድ ቢጫወት ዕድሜ ልኩን እንደሚያነክስ ነገረው። ቤቱ ሄጄ አትጫወትም አልኩት። እሱ ግን ጫማውን እየጠረገ ነበር።

«በእኛ በወንጌላውያን ቤት ለሞተ ሰው ድግስ አይደገስም፤ ታውቃለህ» አለኝ። «ግን ኦቦ አባትህ ቃል ትተዋል። ቃል ከሆነ እሮጣለሁ። ጃባዱ፣ አትፍራ።»

በርታ እኔ ልለው ሲገባኝ እሱ አለኝ። እሱ ለተዝካር ደንታ የሌለው ሰው፣ እኔ ለፈጠርኩት ቃል እግሩን ሊሰጥ ነው።

ከቤቱ ወጥቼ በቀጥታ ወደ እማዬ ሄድኩ። ጓዳ ውስጥ ለድሉ ብላ የጠመቀችውን ጠላ ስታይ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሞራውንም ሳይቀር። ጋኑን ከደነችው።

«ዘጠኝ ወር ሙሉ አባትህን ደጅ ያቆምከው አንተ ነህ?» አለች። «ተዝካሩ ቅዳሜ ነው። ዳስ ጣል» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም።

ዓርብ ተጫዋቾቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ዋቅጅራ መሬት መሬት አየ። ቶለራ ማሊያዋን በብብቱ ይዞ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። ገመቹ ግን በዱላው ተደግፎ «ታዲያ ኦቦ በእውነት ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሞራ ቀቧት አልኩት። እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ፤ ቀና ሲል ዓይኑ ረጥቧል።

«ይሄ ነው የሳቸው ቃል» አለኝ። «ያኛውማ አንተን ነው የሚመስለው።»

ትላንት ተዝካርህ ወጣ። ለዳሱ ቋሚ ጎደለንና ምን እናድርግ ስንባባል ዋቅጅራና ሌሎቹ የሜዳውን የጎል ግንዶች ነቅለው ተሸክመው ከተፍ አሉ። ገመቹ እያነከሰ የት እንደሚተከል ያዛል፤ ለሞተ ሰው አይደገስም ያለው ሰው ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። አባ ወልደ ሰንበት ጸሎቱን አደረሱ፣ ድሀው በላ፣ ስምህ ተጠራ። እማዬ እንግዳ ሁሉ አስተናገደች፤ እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ባዶ ጉድጓድ እንዳላገኝ እየፈራሁ ሜዳ ወረድኩ። ግንዶቹ ተመልሰው ቆመዋል፤ አንደኛው ላይ የዳሱ ገመድ እንኳ አልተፈታም። አንድ ረጅም ሰው በእግሩ አፈሩን ይደለድላል። ቶለራ ነበር። ሰላምታ አልሰጠኝም፤ ግን ማሊያዋን ለብሷል።

ቤት ስመለስ በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። መኪናህ ትንቀሳቀሳለች። ነጠላዋ ተነሥቷል፤ እማዬ አጎንብሳ ፔዳሉን ትረግጣለች። ገመቹ የማይጫወት ስለሆነ ዘጠኝ ቁጥሯን ማታ ልኮልኝ ኖሯል፤ ሌላ ሰው የለንም፣ የምሰለፈው እኔ ነኝ። እማዬ ማሊያዋን ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ጣት አጥብባ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ለብሼያታለሁ፤ ልኬ ናት።

አባዬ፣ ከእንግዲህ ቃልህን ሳልጨምር ሳልቀንስ እይዘዋለሁ። አባትህ ሲሞት ምን አለ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ለልጆቼም ጭምር፣ ኳሷን ሞራ ቀቧት አለ እላለሁ። ኳሷን ቀብቻታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ የምታየው ቅባት ከጣቴ ነው። በረንዳውንም አሁን አየሁት፤ ማንም የለበትም።

የጊምቢዎቹ መኪና ጥሩምባ ከታች ይሰማኛል። ያ ትከሻውን በዓይንህ የለካኸው ተከላካይ አሁንም አለ፤ ዛሬ የሚይዘው እኔን ነው። እግሬ እንዳልከው ለፔዳል የተፈጠረ ነው። ዛሬ ግን የምፈራው ጊምቢን ብቻ ነው።

ልጅህ ጌታሁን